የሠራተኛው ሐቅ፦ ከኢጃራ ምዕራፍ እስከ ሠራተኛ ማኅበር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይስፈን።

በዚህ ሴሚስተር ማብቂያ ከመካከላችን ብዙዎች ለኢንተርንሺፕ ይወጣሉ። ሲቪሉ ሳይት ላይ፣ ሜካኒካሉ ፋብሪካ ውስጥ፣ አካውንቲንጉ ፔሮል የሚሠራበት ክፍል ይመደባል። እዚያ ለተለማማጅ የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ብዙ ጊዜ የሰው ሰዓት መመዝገብ ነው፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ስንት ሰዓት አመሸ። የአንድ ቤተሰብ የወር እንጀራ የሚቆረጥበት ብዕር እኛ እጅ ላይ ይውላል ማለት ነው። ለዚህ የሚሆን ዕውቀት ይዘን የምንወጣ ግን ጥቂቶች ነን። ሰፊናን ቀርተን ያኸተምን ሁሉ እንደምናስታውሰው ኪታቡ የሚያበቃው ከዒባዳው ምዕራፍ ነው። ሙዓመላቱን፣ ከእሱም ውስጥ የኢጃራን ባብ ለመቅራት የታደሉት ወደ ላይኛው ኪታብ የዘለቁት ናቸው። ሌሎቻችን ለማትሪክ ስንሯሯጥ እዚያው ቆመናል።

በሐለቃችን ሲነሳ የከረመው ጥያቄ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሙስሊም ሠራተኛ ማኅበር ውስጥ መግባት ይችላል? ደመወዝ ይጨመር ብሎ ከሌሎች ጋር ሆኖ አሠሪውን መጠየቅ፣ ሲብስም ሥራ ማቆም እንዴት ይታያል? ሪዝቅ ከአላህ ነው ብሎ ሶብር ማድረግ አይሻልም? እኛ ተማሪዎች ነን፣ ፈትዋ የመስጠት ደረጃ የለንም። ዑለማዎች የጻፉትንና የአገራችን ሕግ የሚለውን ጎን ለጎን አስቀምጠን ለማየት ግን ሞክረናል።

ውሉ

ኢጃራ ማለት የታወቀን ጥቅም በታወቀ ዋጋ ማከራየት ነው። ቤት ሲከራይ የቤቱ ጥቅም ይሸጣል፤ ሰው ሲቀጠር የጉልበቱና የጊዜው ጥቅም ይሸጣል። የፊቅህ ሰዎች ሠራተኛን በሁለት ይከፍሉታል። አንዱ አጂር ሙሽተረክ ነው፤ እንደ ልብስ ሰፊና እንደ ብረት ሠሪ ለመጣ ሁሉ ሠርቶ በሥራው ልክ የሚከፈለው። ሁለተኛው አጂር ኻስ ይባላል፤ ጊዜውን ለአንድ አሠሪ የሰጠ፣ ማለትም ዛሬ በወር ወይም በቀን የሚከፈለው ሠራተኛ።

ሁለተኛው ላይ ቆም እንበል። ዑለማዎች አጂር ኻስ ለተስማማበት ጊዜ ራሱን ዝግጁ አድርጎ ከቀረበ፣ አሠሪው ሥራ ባይሰጠውም ደመወዙ ይገባዋል ይላሉ። መብራት ጠፋ፣ ሲሚንቶ አልመጣም፣ ማሽኑ ተበላሸ ተብሎ የግማሽ ቀን ክፍያ የሚቆረጥበትን ሳይት የማያውቅ ካለ ኢንተርንሺፕ ሲወጣ ያየዋል። የሚገርመው የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም እዚሁ ነጥብ ላይ መድረሱ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው ካለ በኋላ፣ ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ በመሣሪያና በጥሬ ዕቃ አለመቅረብ ወይም እሱ ባላመጣው ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን ያገኛል ይላል። የሐነፊ ፉቀሃዎች ከዘመናት በፊት የጻፉትን ፓርላማችን በሌላ መንገድ መጥቶ አጽድቆታል።

ውል ሲባል ደግሞ ሱረቱል ቀሶስ ላይ ያለውን የነብዩ ሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ ማየት ነው። ሙሳ ከግብፅ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ በእጃቸው ምንም አልነበረም፤ በዛሬ አነጋገር ስደተኛ ነበሩ። ከሴት ልጆቹ አንዷ ለአባቷ ይህን ሰው ቅጠረው ስትል ያቀረበችው መመዘኛ ሁለት ነው፤ ጉልበትና ታማኝነት። አባትየውም (ሹዐይብ ናቸው አይደሉም በሚለው ላይ ሙፈሲሮች ተለያይተዋል) የሥራውን ዘመን ስምንት ዓመት፣ በራስህ ፈቃድ ከሆነ አሥር ብለው በግልጽ ካስቀመጡ በኋላ፣ ላስቸግርህ አልሻም የሚል ቃል ጨመሩ። ሙሳም ከሁለቱ አንዱን ጊዜ ከፈጸምኩ በደል አይደረግብኝም በማለት የራሳቸውን መስፈርት አስቀመጡ፣ አላህንም ምስክር አደረጉ። መጠለያ የሌለው ሰው እንኳ ሲቀጠር የውሉ ወሰን ተነግሮታል፣ የበኩሉንም ተናግሯል።

ክፍያን ማዘግየትና ማጉደልን በተመለከተ የመጣው ማስጠንቀቂያ ከባድ ነው። የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ይሰጥ የሚለውን ኢብኑ ማጃህ የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ሰነዱ ላይ ዑለማዎች የተናገሩበት ቢሆንም ትርጉሙን የሚያጠነክረው ሌላ ሐዲስ ቡኻሪ ላይ አለ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት በዚህ ሐዲሰል ቁድሲ አላህ በቂያማ ቀን የሦስት ሰዎች ባላጋራ እንደሚሆን ተነግሯል፤ ሦስተኛው ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ ወስዶ ዋጋውን ያልሰጠ ነው። ሁለተኛው ነፃ ሰው ሸጦ ዋጋውን የበላ መሆኑን ልብ በሉ። ሁለቱ በአንድ መስመር ነው የተቀመጡት።

አሁን ሒሳብ እንሥራ፤ ኢንጂነሪንግ ላይ ያለን ሰዎች ካልሠራነው ማን ይሠራዋል። በወር 3,000 ብር የሚከፈላት አንዲት ሠራተኛ አለች እንበል። ሕጉ የቀን ሥራን ከ8፣ የሳምንቱን ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ያዝዛል። ወሩን 26 የሥራ ቀን ብንወስድ 208 ሰዓት ይሆናል፤ የአንድ ሰዓት ዋጋዋ 14 ብር ከ42 ሳንቲም ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፣ ሌሊት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። በወሩ ውስጥ 10 ሰዓት በቀኑ ክፍለ ጊዜ ትርፍ ሠርታ ፔሮሉ ላይ በመደበኛው ዋጋ ቢሰላላት የሚጎድልባት 72 ብር ከ12 ሳንቲም ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። እንደሷ ያሉ 200 ሠራተኞች ካሉ ግን በአንድ ወር ከ14,400 ብር በላይ የሰው ገንዘብ በድርጅቱ ሣጥን ውስጥ ቀርቷል፤ ያስቀረውም ኤክሴል ላይ ያለ አንድ ቀመር ነው። ሱረቱል ሙጦፊፊን በሚዛን የሚያጎድሉትን ሲያስጠነቅቅ ዑለማዎች ይህንንም ከዚያው አግብተውታል። በነገራችን ላይ ሙሉ ደመወዝ እየወሰደ ሥራውን የሚያጎድለውን ሠራተኛም አልተዉትም።

አብሮ መጠየቅ

ከላይ ያልናት ሠራተኛ 72 ብሯን ብቻዋን ብትጠይቅ ምን ትባላለች? ካልተመቸሽ በሩ ክፍት ነው። ማኅበር የመጣው ለዚህ ነው።

ከነብይነት በፊት መካ ውስጥ የሆነውን እናስታውስ። ከየመን ከዙበይድ የመጣ ነጋዴ ዕቃውን ለዓስ ኢብኑ ዋኢል ሸጦ ዋጋውን ተከለከለ። ብቻውን ሆኖ የቁረይሽን ባለሥልጣን ምንም ሊያደርግ አልቻለም፤ አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ ጮኸ። በዚህ ምክንያት የተወሰኑ የቁረይሽ ጎሣዎች በዐብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የተበደለ ሁሉ ሐቁ እስኪመለስለት ከጎኑ ሊቆሙ ተማማሉ። ይህ ሒልፉል ፉዱል ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በወጣትነታቸው ተገኝተውበታል፤ ከነብይነት በኋላም በእስልምና ዘመን ወደ እንዲህ ያለው ብጠራ እሺ እላለሁ ሲሉ አወድሰውታል። ተማማዮቹ ሙስሊሞች እንዳልነበሩ፣ ተበዳዩም የአገሩ ሰው እንዳልነበረ እናስተውል። ሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ከሌላ እምነት ተከታዮች ጋር አብሮ መቆም ያሳሰባቸው ወንድሞች መልሱን ከዚህ ያገኙታል ብለን እናምናለን።

በአገራችን የሠራተኛ ማኅበር ታሪክ አጭር አይደለም። የድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞች በ1930ዎቹ መጨረሻ ማኅበር አቋቁመው ነበር። በሚያዝያ 1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) ዕውቅና አገኘ፤ በአብዮቱ ዋዜማ 80 ሺህ ገደማ አባላት ነበሩት። በየካቲት መጨረሻ 1966 የጠራው አራት ቀን የቆየ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን የሚል ነበር። አባቶቻችን የሙስሊሞች እኩልነት ይከበር ብለው አዲስ አበባን ያጥለቀለቁበት ሰልፍ፣ ብዙ ክርስቲያን ወንድሞችም የተቀላቀሉበት፣ ከዚያ ስድስት ሳምንት በኋላ ሚያዝያ 12 መሆኑን ስናስብ ያ ወቅት ምን ዓይነት ወቅት እንደነበር ይገባናል። ደርግ ኢሠአማን አፍርሶ በሌላ ተካው። የዛሬው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በ1980ዎቹ አጋማሽ እንደገና የተደራጀ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የመደራጀት፣ በኅብረት የመደራደርና ሥራ የማቆም መብትን ይሰጣል። በአዋጁ መሠረት 10 ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። በማኅበር አባልነት ወይም በሕጋዊ እንቅስቃሴው በመሳተፍ ማንንም ማባረር ክልክል ነው። ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የሚፈራረመው የኅብረት ስምምነት ከሕጉ የተሻለ እንጂ ያነሰ ሊሰጥ አይችልም። የደመወዝ ጭማሪ፣ ሰርቪስ፣ ምሳ፣ የደህንነት ጫማና ጓንት የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። የጁሙዓ ሰዓትም ሌላ መንገድ የለውም። ሙስሊም ሠራተኞች በየፋብሪካው ካቦ እየለመኑ ከሚወጡ፣ የሰዓቱ ማካካሻ ተጠቅሶ በስምምነቱ ላይ እንዲጻፍ ቢደራደሩ ለሁሉም ንጹህ ነው።

ወለሉን ማን ያስቀምጥ?

ማኅበር በሌለበት ግን ስምምነት የለም። በሐምሌ 2008 የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንመልከት። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት የቢዝነስና የሰብዓዊ መብት ማዕከል በ2011 ባወጣው ጥናት፣ እዚያ የነበረው የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበርና ልብስ ከሚያመርቱ የዓለም አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ገልጾ ነበር። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል እየተከራዩ የሚኖሩበት ደመወዝ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋምና ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው እንዲያጠና ደነገገ። ኢሠማኮ ከዚያ ወዲህ በየሜይዴዩ የሚያነሳው ጥያቄ ይህ ድንጋጌ ሥራ ላይ ይዋል የሚል ነው። ከእሱ ጋር በኤጀንሲ የሚቀጠሩ ሠራተኞች ክፍያ መሐል ላይ መቆረጡን፣ በኢንዱስትሪ ፓርኮች ውስጥ የመደራጀት መብትንና የደመወዝ ግብርን ያነሳል። የግብሩ በከፊል ተሰምቷል፤ በ2017 በተሻሻለው ሕግ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ለግሉ ዘርፍ የሚሆነው የደመወዝ ወለል ጥያቄ ግን ከ1966 ጀምሮ እየተንከባለለ ነው።

እዚህ ላይ ከሐለቃው የተነሳው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፣ ልናልፈው አይገባም። አነስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ በመዲና ዋጋ ሲወደድ ሰዎች ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ተመን እንዲያወጡ ቢጠይቋቸው እምቢ ብለዋል። ታዲያ የጉልበት ዋጋ እንዴት ይተመናል?

ኢብኑ ተይሚያ (ረሒመሁላህ) ስለ ሒስባ በጻፉት ኪታብ ይህንን ሐዲስ አንስተው በሰፊው ሄደውበታል። ነብዩ ለእምቢታቸው የሰጡት ምክንያት በማንም ገንዘብ ላይ በደል ሳይኖርባቸው ከአላህ ጋር መገናኘትን መፈለጋቸው ነው። ዕቃ ከሩቅ ሲያንስና ገዢ ሲበዛ ዋጋ ቢወደድ ነጋዴው ምንም አላጠፋም፤ በግድ አርክሰህ ሽጥ ማለት እሱን መበደል ይሆናል። ስለዚህ ይላሉ ሸይኹ፣ ተመን ማውጣት በደል የሚሆንበት አለ፣ ፍትሕ የሚሆንበትም አለ። ሰዎች የገበሬውን፣ የሸማኔውን፣ የግንበኛውን ሥራ በሚፈልጉበት ጊዜ መሪው በኡጅረቱል ሚስል፣ ማለትም ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ በሚገባው አቻ ዋጋ እንዲሠሩ ሊያስገድዳቸው ይችላል፤ ሠራተኛው ከዚያ በላይ አይጠይቅም፣ አሠሪውም ከዚያ በታች ሰጥቶ አይበድለውም። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። የእኛ ጥያቄ በዚህ ዓይን ሲታይ የሚሆነው፣ ሥራ ፈላጊው በር ላይ ሲሰለፍና አሠሪው የፈለገውን ዋጋ ሲጠራ የሚወጣው ዋጋ በእርግጥ ኡጅረቱል ሚስል ነው ወይ የሚል ነው። የእኛ አስተያየት አይደለም የሚል ነው። በልቶ ለማደርና ቤት ኪራይ ለመክፈል የማይበቃ ዋጋ ላይ የተሰጠ ፈቃድ ሙሉ ሪዷ ነው ለማለት ይከብዳል።

ማስረጃ ባይሆንም ለምሳሌ ያህል ቀጠርን እንጥቀስ። ከ2022ቱ የዓለም ዋንጫ በፊት ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ለዓመታት ከወተወቱ በኋላ፣ ከመጋቢት 2013 ጀምሮ ለማንኛውም ዜጋ እኩል የሚሠራ 1,000 ሪያል ዝቅተኛ ደመወዝ፣ አሠሪው ምግብና መኝታ ካልሰጠ ደግሞ 300 እና 500 ሪያል ጭማሪ ያለው ሕግ ተግባራዊ ሆኗል። የቤት ሠራተኞችንም ያካትታል። አፈጻጸሙ ላይ ብዙ የሚባል አለ፤ የውጭ አገር ሠራተኞች እዚያ ማኅበር መመሥረት አይችሉም። ቢሆንም እዚያ ላሉት እህቶቻችን ቀላል ለውጥ አልነበረም።

ስለ እህቶቻችን ካነሳን አይቀር፣ ዓረብ አገር ስለሚደርስባቸው ስንቆጣ አገር ቤት ያለችውን እንረሳለን። አዋጅ 1156 በግለሰብ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩትን አይሸፍንም፤ የእነሱ ጉዳይ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብሎ ትቷቸዋል። ትርፍ ሰዓት የላቸውም፣ ማኅበርም የላቸውም። ያላቸው ሕግ አቡ ዘር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው፤ ከምንበላው እንድናበላቸው፣ ከምንለብሰው እንድናለብሳቸው፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳናዛቸው፣ ካዘዝንም እንድናግዛቸው። ክረምት ቤት ስንገባ እናታችን በምን ዋጋ እንደቀጠረቻት፣ የዕረፍት ቀን እንዳላት መጠየቅ ከማንም ፈቃድ አይፈልግም።

ሥራ ማቆምና ስንጥቁ

አድማን በተመለከተ የዘመናችን ዑለማዎች ተለያይተዋል። የከለከሉት፣ አጂር ኻስ ጊዜውን ሸጧልና መከልከል ውል ማፍረስ ነው ይላሉ። ክብደት ያለው ንግግር ነው። በሌላ በኩል ሙስሊሞች በገቡት መስፈርት ላይ ናቸው የሚለው መሠረት አለ፤ በልማድ የታወቀም ውል ላይ እንደተጻፈ ይቆጠራል የሚለው የፊቅህ ቃዒዳ አለ። አሠሪውም ሠራተኛውም ሲፈራረሙ ሕጉ አድማን በቅድመ ሁኔታ እንደሚፈቅድ ያውቃሉ። ቅድመ ሁኔታዎቹም ቀላል አይደሉም፤ አስቀድሞ በድርድር መሞከር፣ ከማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መወሰን፣ ከ10 ቀን በፊት ማሳወቅ። እንደ ሆስፒታል፣ መብራትና ውሃ ያሉ አገልግሎቶች ላይ ጨርሶ አይፈቀድም። በዚህ ወሰን ውስጥ የሆነ፣ ንብረት የማይሰበርበት፣ መሥራት የፈለገ የማይደበደብበት አድማ ከውሉ ውጪ ነው ለማለት ይከብደናል። ላልሠራበት ቀን ደመወዝ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ዝርዝሩን ለኡስታዞቻችን እንተዋለን።

ሶብር ይሻላል ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ዳካ አጠገብ ሳቫር የሆነውን እናንብብ። ራና ፕላዛ የተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ምሰሶዎቹ ላይ ስንጥቅ ታየ። ኢንጂነር ተጠርቶ አየው፣ አደገኛ መሆኑንም ተናገረ። ታች ያሉት ባንክና ሱቆች ተዘጉ። የልብስ ፋብሪካዎቹ ሠራተኞች ግን፣ አብዛኞቹ ሙስሊም ወጣት ሴቶች፣ በማግስቱ ግቡ ተባሉ፤ ካልገባችሁ ደመወዝ የለም ተባሉ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሮቹ ሲነሱ ሕንፃው ወረደ። 1,134 ሰው ሞተ። የባንኩ ሠራተኞች ቤታቸው ነበሩ። ልዩነቱ ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ የነበራቸው ዕውቀት አልነበረም፤ ሁሉም ያዩት ያንኑ ስንጥቅ ነው። የልብስ ሰፊዎቹ አንገባም ለማለት የሚያስችላቸው ማኅበር አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ከ200 በላይ ብራንዶችን በሕግ የሚያስገድድ ስምምነት አስፈረሙ። ገለልተኛ ኢንጂነሮች ፋብሪካዎቹን መረመሩ፣ ሪፖርታቸው ለሕዝብ ይፋ ሆነ፣ ሠራተኛው አደጋ ካየ ሥራ የመከልከል መብቱ ተጻፈ። የአገሪቱ የልብስ ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝም በዚያው ዓመት ከ3,000 ወደ 5,300 ታካ ወጣ።

ስትራክቸር የምንማር ሰዎች ይህንን ታሪክ የምንሰማው የጭነት ስሌት ምሳሌ ሆኖ ነው። የተጨመሩት ፎቆች፣ ጣሪያ ላይ የተጫኑት ጄኔሬተሮች፣ ንዝረቱ። ከሳይት ስንጥቅ አይተን ሪፖርት ስንጽፍ ግን ወረቀቱ የሚደርሰው ለማን እንደሆነ እንጠይቅ። ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ከሆነ ሊታጠፍ ይችላል። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ቦታ ሠራተኞች የሚወከሉበት የሙያ ደህንነት ኮሚቴ መኖሩን መጠየቅ፣ ካለ ቅጂው እንዲደርሰው ማድረግ ለተለማማጅም የሚቻል ነው። ታይም ሺቱም እንዲሁ ነው፤ ፎርማኑ ከሰጠን ቁጥር ጋር የሠራተኛውን ፊርማ እናያይዝ፣ ትርፍ ሰዓቱን በየትኛው ማባዣ እንደሚሰላ ፔሮሉን እንጠይቅ፣ መልሱን ቀን ጽፈን እንያዝ። በሚቀጥለው ወር ሐለቃ የኢጃራን ባብ ከአቡ ሹጃዕ ሙኽተሶር እንጀምራለን ኢንሻአላህ፤ የአዋጁን ቅጂ ማምጣት የሚችል ሰው ይዞ ይምጣ።

ወላሁ አዕለም።